«ያሁን ጎመን ጉልበት የለውም»፦ የአትክልትና ፍራፍሬ ቫይታሚንና ማዕድን ጉዳይ በጎጃም ደጋ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት የሚሆን አንዲት እናት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለ ቀበሌ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። አቤቱታዋ «ድካም ድካም ይለኛል፤ ዳገት መውጣት አቅቶኛል» የሚል ነበር። የዐይኗ ቆብ ውስጡ ገርጥቷል፤ አንገቷን ቀና ስታደርግ ደግሞ እንቅርት ይታያል። የሄሞግሎቢን መጠኗም ከሚፈለገው ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር። ወረፋው ረጅም ስለነበር የተለመደውን ምክር ሰጠኋት፦ «እህቴ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረሽ ተመገቢ።»

እሷም፣ «ዶክተር፣ ጎመንማ ከጓሯችን መች ጠፍቶ ያውቃል? ዓቢይ ጾም እኮ ነው፤ በየቀኑ እሱኑ ነው የምንበላ። ግን ያሁን ጎመን እንደ ድሮው አይደለም፤ በማዳበሪያ የበቀለ ነው፤ ጉልበት የለውም» አለችኝ። ፈገግ ብዬ አሰናበትኋት።

ዓመት ሳይሞላ በዚያው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆኜ ሳለ አገኘኋት። የወለደችው ሕፃን የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟላ የተፈጠረ፣ ሕይወት የሌለው ነበር። በሙያችን ኒውራል ቲዩብ ዲፌክት የምንለው የነርቭ ዘንግ ክፍተት መንሥኤው ብዙ ስለሆነ የዚያ ሕፃን ጉዳት ከዚህ ወይም ከዚያ መጣ ብዬ መናገር አልችልም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ስለምትጠቀመው ጨው እንዳልጠየቅኋት፣ ልጅ ለመውለድ ታስብ እንደሆነ እንዳልጠየቅኋት፣ ስለ ፎሊክ አሲድም አንድ ቃል እንዳልተናገርሁ አውቃለሁ። «አትክልት ተመገቢ» ብዬ የልቤን ያደረስሁ መስሎኝ ነበር።

ያቺ እናት ያነሣችው ጥያቄ ግን የዋዛ አልነበረም። የዛሬው አትክልትና ፍራፍሬ ለሰውነታችን የሚያስፈልገውን ቫይታሚንና ማዕድን ይሰጣልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከደጋው ጎጃም አፈር፣ ማሳና ማድ ቤት አንጻር መመርመር፣ ከዚያም ከአትክልት የሚጠበቀውንና የማይጠበቀውን ለይቶ ለሙያ ባልደረቦች ማቅረብ ነው።

«ጉልበት የለውም» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ የእኛ ገበሬዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዶናልድ ዴቪስ እና ባልደረቦቹ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1950 እና በ1999 ያወጣቸውን የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች በማነጻጸር የ43 የጓሮ ሰብሎችን ይዘት መርምረው ነበር። ካነጻጸሯቸው 13 ንጥረ ነገሮች ውስጥ በስድስቱ ላይ ቅናሽ አግኝተዋል፤ ቅናሹ ከፕሮቲን 6 በመቶ ጀምሮ እስከ ሪቦፍላቪን 38 በመቶ ይደርሳል። በቀሩት ሰባት ንጥረ ነገሮች ላይ ግን አስተማማኝ ለውጥ አልታየም።

ለቅናሹ የቀረበው ዋና ማብራሪያ «መቅጠን» ሊባል የሚችል ክስተት ነው። ብዙ ምርት እንዲሰጥ ተመርጦ የተዳቀለ ዝርያ ውሃና ስታርች በፍጥነት ያከማቻል፤ ማዕድን የሚስብበት ፍጥነት ግን በዚያው ልክ አያድግም። ስለዚህ ፍሬው ይተልቃል፤ በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ ያለው ማዕድን ግን ይቀጥናል። ወጥ ላይ ውሃ ቢጨመር ድስቱ ይሞላል እንጂ ቅመሙ እንደማይበዛ ማለት ነው።

ማዳበሪያው ነውን ጥፋተኛው? ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሚሰጠው በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ከ1843 ጀምሮ ሳይቋረጥ ስንዴ የሚዘራበት ብሮድባልክ የተባለው ማሳ ነው። በየዘመኑ የተቀመጠው እህል ተመርምሮ በ2008 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የስንዴው ዚንክ፣ ብረት፣ መዳብና ማግኒዚየም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል፤ አጫጭርና ብዙ ምርት የሚሰጡ ዝርያዎች ከገቡ በኋላ ግን ቀንሷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቅናሹ የታየው ኬሚካል ማዳበሪያ በተደረገበት መደብ ብቻ ሳይሆን ፍግ በተደረገበትና ምንም ባልተደረገበትም ጭምር መሆኑ ነው። የአፈሩ ማዕድን ደግሞ አልቀነሰም። ስለዚህ ለውጡ የመጣው በዋናነት ከዝርያው ነው እንጂ ከማዳበሪያው አይደለም።

ያም ሆኖ የእነዚህን ቁጥሮች ልክ መረዳት ያስፈልጋል። የአንድ ዝርያ ጎመን በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ አቆራረጡ የንጥረ ነገር ይዘቱ ከዚህ በሚበልጥ ልዩነት ይለያያል። ከዚህም በላይ፣ በቀን ሦስት መቶና አራት መቶ ግራም አትክልትና ፍራፍሬ የሚመገብ ሰው 15 በመቶ ቅናሽ ብዙም አይጎዳውም። ጥያቄው ለእኛ ሕሙማን የሚከብደው በሌላ በኩል ነው።

ቫይታሚን ከተክሉ፣ ማዕድን ከአፈሩ

ለሕሙማን ምክር ስንሰጥ «ቫይታሚንና ማዕድን» ብለን አንድ ላይ መጥራት ለምደናል። ነገር ግን የሁለቱ ምንጭ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቫይታሚን ሲን፣ ፎሌትንና ቤታ ካሮቲንን ተክሉ ራሱ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ይሠራቸዋል። ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ከበቀለ፣ በየትኛውም ማሳ ይብቀል፣ እነዚህ ቫይታሚኖች በውስጡ አሉ። ማዕድንን ግን ተክል አይሠራም፤ ከአፈር የሚያገኘውን ብቻ ይስባል። በአፈሩ ውስጥ ያልነበረ በገበታው ላይ አይገኝም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ለሰው የግድ አስፈላጊ ሲሆኑ ለጎመንና ለጤፍ ግን የግድ አለመሆናቸው ነው። ስለሆነም አዮዲን በሌለው ማሳ ላይ የበቀለ ጎመን ምንም ጉድለት ሳይታይበት ለምልሞ ያድጋል። ገበሬው በዐይኑ፣ ባለሙያውም በመልኩ ሊለየው አይችልም።

የጎጃም ደጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ክረምቱ ኃይለኛ፣ መሬቱ ተዳፋት ነው። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች በየክረምቱ ደፍርሰው ወደ ዓባይ የሚወርዱት አፈሩን ይዘው ነው። አዮዲን በቀላሉ የሚታጠብ ስለሆነ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እየተሟጠጠ ይሄዳል። በብዙ ቦታ ቀዩ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ገበሬው ኖራ እንዲያደርግ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በአሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ሴሌኒየም ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ ሥሩ ሊስበው አይችልም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ክልሎች ከአንድ ሺህ በላይ ማሳዎች እህልና አፈር ሰብስበው ያደረጉት ጥናት በ2021 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። በዚህም መሠረት የጤፍና የሌሎች እህሎች የሴሌኒየም፣ የዚንክና የብረት ይዘት እንደ ቦታው እጅግ ይለያያል፤ ለሴሌኒየም ደግሞ የመኖሪያ ቦታ ከማናቸውም በላይ ወሳኝ ነው። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የተደረገ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአንድ ተዳፋት ላይ እንኳ ተክል ሊስበው የሚችለው ዚንክ ከላይኛው ተረተር ይልቅ በግርጌው ማሳ ይበዛል። አፈሩ የተሸረሸረበት ገበሬ ምርቱ ብቻ ሳይሆን የምርቱ ዚንክም ታጥቦበታል ማለት ነው።

ውጤቱ በሰው ደም ላይ ይታያል። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የንዑስ ንጥረ ነገሮች ጥናት ከሕፃናትም ከሴቶችም አንድ ሦስተኛ ገደማ የዚንክ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የሴሌኒየም እጥረትም በአገሪቱ ሰፊ ነው። በአማራ ክልል ገጠር ዕድሜያቸው ለትምህርት ባልደረሰ ሕፃናት ላይ የተደረጉና በ2016 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ የአዮዲንና የሴሌኒየም እጥረት በአንድ ላይ እንደሚገኙ አመልክተዋል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሥራውን ወደሚሠራበት መልክ የሚለወጠው በሴሌኒየም በሚሠሩ ኢንዛይሞች አማካይነት ስለሆነ ሁለቱ እጥረቶች እርስ በርስ ይባባሳሉ። እንቅርትን በተመለከተ በ2005 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ክልል ካሉ ሴቶች ከሦስቱ ከአንዷ በላይ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጎመን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የጎመን ዘሮች አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ የሚያደናቅፉ ውሁዶች አሏቸው። አዮዲን በበቂ ሁኔታ ለሚያገኝ ሰው ይህ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሲቀቀልም ይቀንሳል። አዮዲን በሌለበት ቤት ግን በየቀኑ የሚበላ ጎመን እንቅርትን አያድንም፤ ጥቂትም ቢሆን ሊያባብስ ይችላል። እኔ ለዚያች እንቅርት ለነበረባት እናት የሰጠሁት ምክር፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ሳልጠቅስ፣ «ጎመን ጨምሪ» የሚል ነበር።

የጤፍ ብረት ትምህርት

በምግብ ውስጥ መኖርና ወደ ሰውነት መግባት አንድ እንዳልሆኑ ከጤፍ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ጤፍ በብረት የበለጸገ መሆኑ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት ግን የዚህ ብረት ትልቁ ክፍል ከእህሉ ሳይሆን በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑን አሳየ። ጤፉ በሚገባ ታጥቦ ሲለካ የብረቱ መጠን በእጅጉ ይወርዳል። በአፈር መልክ የገባ ብረት ደግሞ አንጀት የሚቀበለው በጥቂቱ ነው።

በእህሉ ውስጥ ያለውም ብረትና ዚንክ ፋይቴት በተባለ ውሁድ ተይዟል። በዚህ ረገድ የአገራችን ባህል ትልቅ ሀብት አለው፤ ሊጡ በእርሾ ሲብላላ ፋይቴቱ ይሰበራል። ስለዚህ በሚገባ የቦካ እንጀራ ከቂጣ፣ ከቆሎና ከበሶ ይልቅ ዚንኩንና ብረቱን ይለቃል። እህልን ማብቀልም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ለሕፃናት ገንፎ የሚሆን ዱቄት ጥቂት ብቅል ቢጨመርበት ገንፎው ይቀጥናል፤ ንጥረ ነገሩም ይሻሻላል።

ከምግብ ጋር የሚወሰደውም ነገር ወሳኝ ነው። ከምግብ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡና የብረት ቅበላን ይቀንሳል። በአንጻሩ ቫይታሚን ሲ የዕፅዋትን ብረት ቅበላ ያሻሽላል። ለዚህም ብርቱካን ከሩቅ መፈለግ ግድ አይደለም። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲነጻጸር ከብርቱካን የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ አለው። በሽሮ ገበታ ላይ አንድ ጥሬ ቃሪያ ማቅረብ በምሥራቅ ጎጃም ቤት ሁሉ የሚቻል «ሕክምና» ነው።

ሌላም ልንጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። በአማራ ክልል ገጠር ሕፃናት ላይ በ2016 የታተመው ጥናት የደም ማነስ ቢኖርም ከብረት እጥረት የመጣው ግን ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የገረጣ ሕፃን ሁሉ ብረት የጎደለው ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የወባ፣ የአንጀት ትላትል፣ የሌላ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንና የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረት ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ ማለት ግን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ይቅር ማለት አይደለም፤ በእርግዝና ወቅት ፍላጎቱ ስለሚጨምር ኪኒኑ መቀጠል አለበት።

ከማሳ እስከ ገበታ

ቫይታሚን ከማሳ ይልቅ በድስት ውስጥ ይጠፋል። በአካባቢያችን ጎመን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ተጨምቆ፣ ተከትፎ፣ ከዚያም በዘይትና በሽንኩርት ተቁላልቶ ነው። በውሃ የሚሟሙት ቫይታሚን ሲና ፎሌት ከቅቃዩ ውሃ ጋር ይደፋሉ፤ ግማሹና ከዚያም በላይ ሊጠፋ ይችላል። ቤታ ካሮቲን ግን በውሃ ስለማይሟሟ በአብዛኛው ይተርፋል፤ ዘይት ስለሚጨመርበትም ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። ስለዚህ ለእናቶች የሚነገረው ምክር «ጎመን ብዪ» ብቻ መሆን የለበትም፤ «ከትፈሽ በጥቂት ውሃ ቶሎ አብስይው፤ ውሃውን አትድፊው፤ ዘይት አይቅርበት» የሚል መሆን አለበት።

«ዘመናዊ» አትክልት በእኛ ገበያ ምን ማለት እንደሆነም መመልከት ይጠቅማል። በደብረ ማርቆስ ገበያ ዛሬ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት በብዛት ይታያሉ። በምዕራብ ጎጃም የቆጋ መስኖ በመርዓዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ያህል የሚያለማ በመሆኑ ሽንኩርትና ድንች በበጋም ይመረታሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጥቅል ጎመን በሐበሻ ጎመን ምትክ ሲገባ ልውውጡ እኩል አይደለም። የጥቅል ጎመን ነጭ ቅጠል ብርሃን ስለማያገኝ ቤታ ካሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጠዋል። ሽንኩርትም ለወጥ ጣዕም እንጂ ለቫይታሚን ኤ አይታሰብም። የንጥረ ነገር ቅናሽ ካለ፣ ትልቁ ቅናሽ የመጣው የድሮው ጎመን ስለደከመ ሳይሆን በሌላ አትክልት ስለተተካ ነው።

በዚህ ላይ ከጓሮና ከጫካ የሚገኘው ይጨመራል። ክረምት ሲገባ እህል በሚመናመንበት ጊዜ ሳማ ተቀቅሎ ይበላ ነበር፤ እረኞች ቀጋ፣ ኮሽም፣ አጋምና እንጆሪ እየለቀሙ ይበላሉ። ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ሲሆን የዚህ ወገን ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። ድንችም ሊናቅ አይገባም፤ ከነልጣጩ ሲቀቀል ቫይታሚን ሲው በተሻለ ይተርፋል። እነዚህን «የድሃ ምግብ» ብሎ ማቃለል የጤና ባለሙያ ቋንቋ መሆን የለበትም።

እውነተኛው ጉድለት፦ መጠንና ስብጥር

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም በአምስት ድርሻ የሚከፈል ነው። በ2015 በአገራችን በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከአዋቂዎች ከመቶ 97 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ድርሻ በታች እንደሚመገቡ ታውቋል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት የተፈለገውን ያህል የተሰባጠረ ምግብ ያገኙት 14 በመቶ፣ በቂ ሊባል የሚችል አመጋገብ የነበራቸው ደግሞ 7 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል የመቀንጨር መጠን 46 በመቶ ሲሆን ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ በ2019 ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል።

በዓመት ከግማሹ ብዙም የማያንሰውን ቀን በሚጾም ሕዝብ መካከል አትክልት ማነሱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የጾም ገበታ ግን የአትክልት ገበታ አይደለም፤ በአብዛኛው የእንጀራና የሽሮ ገበታ ነው። ጎመኑ ከዳር የሚቀርብ ማባያ ነው። ስለዚህ በወተትና በእንቁላል ምትክ የገባው እህል እንጂ ቅጠልና ፍሬ አይደለም። ሕፃናት የጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ ቤተሰቡ በሚጾምበት ወቅት ለሕፃኑ ብቻ ተለይቶ እንቁላል የሚሠራበት ቤት ጥቂት ነው። እንቁላሉ ለገበያ ይወጣል፤ በገንዘቡም ጨውና ዘይት ይገዛበታል።

እንግዲህ 15 በመቶ ቅናሽ ያሳሰበው አሜሪካዊ ጥያቄና የእኛ እናት ጥያቄ በቃል አንድ ቢሆኑም በይዘት ይለያያሉ። የእሱ ጎመን ጥቂት ቀጥኗል፤ የእሷ ሰሃን ላይ ግን ጎመኑ ራሱ ጥቂት ነው።

ከአትክልት የማይጠበቁ ነገሮች

ጥሩ አትክልት በበቂ መጠን ቢገኝ እንኳ ሊሰጣቸው የማይችሉ ነገሮች አሉ። እነዚህን መለየት የምክራችን እምብርት ነው።

አንደኛው አዮዲን ነው። በደጋ መሬት ላይ መፍትሔው ጨው ነው። የጨው አዮዲን ደንብ ቁጥር 204 በ2011 ከወጣ በኋላ አዮዲን ያለበት ጨው ወደ አብዛኛው ቤት ደርሷል፤ የ2015ቱ ጥናት ግን በቂ አዮዲን የተገኘው ከአራት ቤቶች በአንዱ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጨው ክፍት ሆኖ በምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ሲታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ሲጨመር አዮዲኑ ይጠፋል።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በማናቸውም አትክልት ውስጥ አይገኝም፤ ምንጩ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ነው።

ሦስተኛው ዚንክ ነው። አፈሩ ከደኸየ ጎመኑም እህሉም ይደኸያል። እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት ላይ የታተመው በአርሲ ዶዶታ ሲሬ የተደረገ ሙከራ፣ የቀነጨሩ ሕፃናት ለስድስት ወራት ዚንክ ሲሰጣቸው በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያልተሰጣቸው የቀነጨሩ ሕፃናት ግን 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማደጋቸውን አሳይቷል። በተቅማጥ ሕክምና የምንሰጠው ዚንክ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ጋር ሳይነጠል ለእናቲቱ መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው።

አራተኛው ከእርግዝና በፊት የሚያስፈልገው ፎሊክ አሲድ ነው። የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን ገና ሳታውቅ ማለት ነው። በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ ናቸው፤ እነዚህም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከ28ኛው ቀን በኋላ የመጡ ናቸው። በ2015ቱ ጥናት ደግሞ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአምስቱ የአራቱ ያህል የቀይ ደም ሴል ፎሌት፣ ጽንሱን ከዚህ ጉዳት ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በታች ነበር። በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገና በ2018 በታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 131 የሚሆኑት ይህ ጉድለት ታይቶባቸዋል፤ ይህም በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ከጎመንና ከምስር የሚገኘው ፎሌት ጠቃሚ ቢሆንም በመቀቀል ይጠፋል፤ ወደ ደም የሚገባውም ከኪኒኑ ባነሰ መጠን ነው። ስለሆነም በምግብ ብቻ መተማመን አይቻልም።

መንግሥት በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አጽድቋል። ይህ ለከተማው ተስፋ የሚሰጥ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን የራሱን ጤፍ፣ በቆሎና ስንዴ በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ በመሆኑ የበለጸገው ዱቄት ወደ ቤቱ አይደርስም። በረጅሙ መፍትሔው ከአፈሩ መጀመር ሊኖርበት ይችላል። ፊንላንድ ከ1984 ጀምሮ ሴሌኒየምን በማዳበሪያ ላይ በመጨመር የሕዝቧን እጥረት አስወግዳለች። በአገራችንም ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው የአፈር ካርታ ሥራ የዚንክ፣ የቦሮንና የሰልፈር እጥረትን በብዙ ቦታ ስላሳየ እነዚህን የያዙ ማዳበሪያዎች ገብተዋል። ያቺ እናት «ጉልበት ያሳጣ» ያለችው ማዳበሪያ፣ ዚንክ ቢጨመርበት ለጎመኗ ጉልበት መመለሻ ሊሆን ይችላል።

በክሊኒክ ምን እንጠይቅ?

«አትክልትና ፍራፍሬ ተመገቡ» የሚለው ምክር ስሕተት አይደለም፤ ብቻውን ሲቀር ግን ባዶ ነው። ከዚህ ጋር አምስት አጫጭር ጥያቄዎችን መጨመር ብዙ ጊዜ አይወስድም።

1. ጨው፦ የታሸገ ነው ወይስ በስፍር የተገዛ? ተከድኖ ይቀመጣልን? የሚጨመረው ወጡ ሊወጣ ሲል ነውን?

2. ጎመን፦ የሐበሻ ጎመን ነው ወይስ ጥቅል ጎመን? የተቀቀለበት ውሃ ይደፋልን?

3. ቡና፦ ከምግብ ጋር ወዲያው ይጠጣልን? አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይቻላልን?

4. ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ፦ በቤቱ ዶሮ ወይም ላም ካለ ሕፃኑና ነፍሰ ጡሯ ድርሻ አላቸውን? በጾም ወቅት ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕሙማን ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ መምከር፤ ካህናቱንም በጉዳዩ ላይ ማወያየት ይጠቅማል።

5. እርግዝና፦ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ለመውለድ ታስባለችን? መልሷ «አዎ» ከሆነ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ትጀምር። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን አጋጣሚ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው። አንዲት ሴት በክንዷ የተቀበረውን መከላከያ ለማስወጣት ስትመጣ ለመውለድ መወሰኗን እየነገረችን ነው። ኪኒኑን ለመስጠት ከዚያች ቀን የተሻለ ቀን የለም።

ማጠቃለያ

የዛሬው አትክልትና ፍራፍሬ ከድሮው በጥቂቱ የቀጠነ ሊሆን ቢችልም ቫይታሚኑን ዛሬም ይሰጣል፤ በበቂ መጠን ከተገኘና በድስት ውስጥ ካልጠፋ። ማዕድኑን የሚሰጠው ግን አፈሩ የሰጠውን ያህል ብቻ ነው። አዮዲንን፣ ቢ12ንና ከእርግዝና በፊት የሚያስፈልገውን ፎሊክ አሲድ ከጓሮ መጠበቅ አይገባም።

በመጨረሻ ወደዚያች እናት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የታተመው ጥናት፣ የነርቭ ዘንግ ክፍተት ያለበት ልጅ ፀንሰው የነበሩ ሴቶች ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ፎሊክ አሲድ የሌለበት የሌሎች ቫይታሚኖች ድብልቅ ግን ይህን ጥቅም አላስገኘም። ትክክለኛው ንጥረ ነገር በትክክለኛው ጊዜ መሰጠት አለበት ማለት ነው።

ከማዋለጃ ክፍሉ ሳትወጣ ይህን ከባለቤቷ ጋር አስቀምጬ ነገርኋቸው። በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ለመፀነስ ከመወሰኗ በፊት በከፍተኛ መጠን የሚሰጠውን ፎሊክ አሲድ እንድትጀምር አሳሰብሁ። ስለ ጨዋም ጠየቅኋት፤ በጣሳ ሳይከደን ምድጃው ሥር እንደምታስቀምጠው ነገረችኝ። ጥያቄው ያስፈለገው ግማሽ ደቂቃ ነበር። ያን ግማሽ ደቂቃ ግን በመጀመሪያው ቀን ነበር ልሰጣት የሚገባኝ።